ባልቴቷ ያላመደችው ወይፈን

አንድ ሰው ነበረ። መሬት ነበረው፤ በሬ ግን አልነበረውም።

ቆይ ይርሳው፣ ከጥያቄህ ለመሸሽ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልህ። የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ልጄ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ እስካሁን ስትዘፍን፣ ጎመን ስትተክልና ተረት ስታወራ ነው የምትውለው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ልጆች ገጹን ሙሉ በቃላቸው ይወጡታል። የዚህ ሁሉ ጨዋታ ነገር ኋላ ለኑሮዋ ምን ይረባታል?» ነው ያልከኝ። ከሰኞ ጀምሮ ላዛውራት ነው ብለሃል። እኔም የምመልስልህ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ስለሆንኩ አይደለም። ይህን ጥያቄ ስሰማ ዝም ብዬ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ነው። በል እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ በልና ስማኝ፤ ልጆቹ እስኪለቀቁ ጊዜ አለን።

ሰውየው መሬት ነበረው ብያለሁ። ከአባቱ የወረሰው፣ አፈሩ ጥቁር፣ ጤፍ የሚያበቅል ደህና መሬት። በሬ የሌለው ገበሬ ግን መሬቱን ምን ያደርገዋል? ለሌላ ሰው ለእኩል ይሰጥና ማሳው ዳር ቆሞ ሲታረስ ያያል። አንተ ከተማ ያደግህ ስለሆንክ ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ አታውቀውም። መንገደኛ ሲያልፍ «አዝመራው እንዴት ነው?» ይለዋል። «ደህና ነው፣ ይመስገን» ይላል እንጂ «አዝመራዬ» ብሎ ለመናገር አፉ አይደፍርም። ከሚስቱ ጋር ሲቀመጡ የሚያወሩት ይህንኑ ነበር፤ መቼ ይሆን በገዛ በሬያችን የገዛ መሬታችንን የምናርሰው?

አንዲት ላም ነበረቻቸው። ላሚቱ ጊደር እየወለደች፣ ጊደሮቹም ለችግር እየተሸጡ ብዙ ዘመን አለፈ። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ወንድ ጥጃ ወለደች። አመድማ መልክ ያለው፣ ግንባረ ሰፊ ጥጃ። የሰውየው ደስታ ልክ አጣ። ከጎረቤት ጎረቤት እየዞረ «ወንድ ነው፣ ወንድ ነው» ሲል ሚስቱ የወለደች የመሰላቸውም ነበሩ። በመልኩ ዳለቻ ብለው ስም አወጡለት። ከዚያ ወዲያ የዚያ ቤት ተስፋ ሁሉ ዳለቻ ላይ ሆነ። ዳለቻ በሬ ከወጣው መሬታቸው ወደ እጃቸው ይመለሳል። አልሆን ካለ ይሸጣል፣ ይታረዳል፤ እነሱም ዕድሜ ልካቸውን ማሳ ዳር እንደቆሙ ይቀራሉ።

ዳለቻ አድጎ ወይፈን ሆነ፤ ለእርሻ የሚገራበት ጊዜ ደረሰ። በዚያ አገር ወይፈን የሚገራው በጅራፍ ነበር። ከአንድ ትልቅ በሬ ጋር ይጠምዱታል። አንዱ ከፊት ይጎትተዋል፣ ሌላው ከኋላ ይሸነቁጠዋል። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ገላው ሰንበር በሰንበር ይሆናል። በሳምንቱ ያርሳል፤ ያላረሰው ቢላዋ ይጠብቀዋል። አባቶቻቸውም እንዲሁ ነበር ያደረጉት፤ ክፉ ሥራ ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የሰውየው ጎረቤት ደግሞ በዚህ ሥራ እጁ የታወቀ ነው። «አምጣልኝ» አለው። «ሳምንት አይሞላም፣ ሲያርስልህ ታየዋለህ።»

ሚስቱ ግን ሌላ ነገር ሰምታ ነበር። ከወንዙ ማዶ ወይፈን የምታላምድ አንዲት ባልቴት አለች። ባሏ ሲሞት የቀራት አንድ ያረጀ በሬ ነው። የሰው ወይፈን እየተቀበለች፣ ከዚያ ሽማግሌ በሬ ጋር እያዋለች ታላምዳለች። ሰውየው ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። በዚያ አገር ሴት እርፍ አትይዝም፤ ነውር ነው። እርፍ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ወይፈን ምን ልታስተምር ነው? ሚስቱም «ምን እንደምታስተምር እኔም አላውቅም። ከእሷ ዘንድ የወጡ በሬዎች ግን ሰው ሲቀርባቸው እንደማይሸሹ አይቻለሁ» አለችው። ክርክሩ ሰነበተ። በመጨረሻ ያሸነፈችው ሚስት ናት፤ መቼም አንተም ባለትዳር ነህ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ታሪኩ ደስ የሚለኝ።

ሰውየው ወይፈኑን ካስረከበ በኋላ አላስችለው አለና ሊያይ ሄደ። ሲደርስ ዳለቻ አያርስም። ቀንበርም አንገቱ ላይ የለም። ከሽማግሌው በሬ ጎን ጎን እየሄደ አንድ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ይጎትታል። ባልቴቷ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ እንደ ሰው እያናገረችው።

«እማማ» አለ ሰውየው፣ ንዴቱን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ «ወይፈኔ ገና ቅርንጫፍ ነው እንዴ የሚጎትተው?»

«አዎ የኔ ልጅ፣ ቅርንጫፍ ነው» አለችው ፊቷ እየበራ። «ትናንት ከኋላው ሲንኮሻኮሽበት በርግጎ አጥሬን ጥሶልኝ ወጣ። ዛሬ ዞር ብሎ አየውና ተወው። ትናንትንም አይተህ ዛሬንም ብታይ ኖሮ እንዴት ደስ ባለህ።»

ሰውየውን ምንም ደስ አላለውም። «ማረስስ መቼ ነው የምታስተምሪው?»

«እኔ? እኔ እርፍ ይዤ አላውቅም። ማረስን ማሳው ያስተምረዋል፣ አንተም ታስተምረዋለህ። ማረስ ያቃተው በሬ መቼ አየህ? በዱላም ይለመዳል እኮ። የእኔ ሥራ ሌላ ነው። ሲጨንቀው ቆሞ ድምፅ መስማት እንዲችል ነው የማደርገው። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ደግሞ ሌላ ቀን ሄደ። ያን ቀን ባልቴቷ ሁለቱን በሬዎች ቀንበር ጭና፣ ሞፈር ሳታስከትል፣ በወንዙ ዳር ወዳለው ረግረግ ስታወርዳቸው አገኛት። ዳለቻ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ተፈራገጠ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሰውየው የበሬውን ያህል ደነገጠና ዱላ ይዞ ሊገባ ሲል ባልቴቷ በእጇ ከለከለችው። ከዳለቻ ፊት ለፊት ጭቃው ውስጥ ቆመች። አልጎተተችውም፣ አልመታችውም። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ እዚህ ነኝ፣ ቀስ በል» ብቻ ትላለች። ሽማግሌው በሬ እንደሆነ ምን ቸገረው፣ ከጎኑ ቆሞ ያመሰኳል። ቀስ እያለ ዳለቻም መፈራገጡን ተወ። አንዱን እግሩን ነቀለ፣ ቆየት ብሎ ሌላውን። ደረቁ ላይ ሲወጣ ባልቴቷ እስከ ወገቧ ጭቃ ለብሳ፣ እጇን እያጨበጨበች፣ ሰርግ ቤት ያለች ነው የምትመስለው። ከጉያዋ ጨው አውጥታ አላሰችው።

ሰውየው ግን በልቡ «ጭቃ የሚገባ በሬ ምን ይሠራልኛል? እኔ የሚያርስ ነው የምፈልገው» ይል ነበር።

አንድ ነገር ላይ እንዳትሳሳት ይርሳው። ባልቴቷ አሞላቃጭ አልነበረችም። ዳለቻ ከመንገድ ወጥቶ የሰው ባቄላ ውስጥ አፉን ሲከት ትመልሰዋለች። እንደገና ይገባል፣ እንደገና ትመልሰዋለች። ቀኑን ሙሉ ቢሆን አይሰለቻትም፣ አንዴም አትተውለትም። አለመምታትና መልቀቅ አንድ አይደሉም። የሚምር እጅ አጥብቆም ይይዛል፤ ይህን የማያውቅ አሳዳጊ ብዙ ነው።

ሰውየውንም አልተወችውም። «በየሳምንቱ እየመጣህ ጨው አልሰው፣ አብረኸው ተራመድ፣ ስሙን ጥራው» አለችው። ሥራ አለኝ ቢላት፣ «ድምፅህን ካላወቀ የኔ በሬ ሆኖ ይቀርብሃል። እኔ አንተ ማሳ ላይ አብሬህ አልኖር» ብላ ወጥራ ያዘችው። እያጉረመረመም ቢሆን መመላለሱን ቀጠለ።

በዚህ መሐል ያ ጎረቤቱ የራሱን ወይፈን፣ ነጮ የሚባለውን፣ እንዳለውም በሳምንት ውስጥ ገርቶ ማረስ ጀምሮ ነበር። ነጮ ጅራፍ ሲጮህ ቀስት ነው፤ ትልሙ ደግሞ እንደተሰመረ የቀና። ጎረቤትየው በእኛ ሰው ደጅ ባለፈ ቁጥር «የባልቴቷ ሙሽራ እንዴት ነው? ጫጉላውን ጨረሰ ወይ?» እያለ ያሾፍበታል። ሰው ይስቃል። ሰውየውም ሰው ነውና አንድ ቀን ደሙ ፈላ፣ ገመድ ይዞ ወይፈኑን ሊያመጣ ተነሳ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች። «ያን ሁሉ ዘመን በገዛ መሬትህ ላይ ሰው ሲያርስ ቆመህ አይተሃል። እስከ ሰኔ ብትታገሥ ምን ትሆናለህ?» አለችው። ገመዱን ጥሎ ተቀመጠ።

ሰኔ ገባ፤ ዳለቻ ወደ ቤቱ መጣ።

እንግዲህ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። በዚያ አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች ይቀናጃሉ፤ አንድ ቀን በአንተ ማሳ፣ አንድ ቀን በእኔ ማሳ እየተባባሉ በሬዎቻቸውን አብረው ይጠምዳሉ። የጎረቤቱም ሌላው በሬ በበሽታ ሞቶበት ነበርና፣ ሲያሾፍ ከርሞ መጥቶ «እንቀናጅ» አለ። የእኛ ሰው እሺ አለ። ዳለቻና ነጮ በአንድ ቀንበር ተጠመዱ።

መጀመሪያ ዳለቻ ያሳፍር ነበር፣ አልዋሽህም። ነጮ ይቀድማል፣ ዳለቻ ይዘገያል፤ ትልሙ ይንጋደዳል። ጎረቤቱም «ምን ነበር ያልኩህ?» ይላል። ግን ቀን ቀንን ሲወልድ ዳለቻም ማረሱን ለመደው፤ ማሳው አስተማረው። ሰውየው በገዛ በሬው የገዛ መሬቱን ሲገለብጥ፣ ከማረሻው ስር የሚወጣውን ጥቁር አፈር እያየ እንባው መጣ። መንገደኛ አልፎ «አዝመራው እንዴት ነው?» ሲለው ድምፁን ከፍ አድርጎ «አዝመራዬማ ግሩም ነው» አለ። ሚስቱ ቤት ሆና ሰማችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ፣ ይርሳው፣ አንተ ትክክል ነህ ማለት ነበር። ያም አረሰ፣ ይህም አረሰ፤ ያውም ያኛው ቀድሞ። ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ቅርንጫፍ መጎተት ለምን አስፈለገ?

ሐምሌ መጣ። ተራው የእኛ ሰው ነበረና ገደል አፋፍ ያለውን ማሳ ለጤፍ ሊያርሱ ወጡ። መሬቱ ውሃ ጠግቧል። የእኛ ሰው እርፉን ይዟል፤ ጎረቤቱ ጅራፉን ይዞ በጎን ይሄዳል። ነጮ በገደሉ በኩል ነው የተጠመደው፣ ዳለቻ በውስጥ በኩል። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ይህችን ትልም ጨርሰን እንፈታለን ሲሉ መብረቅ ቅርባቸው ያለ ዛፍ ላይ ወረደ። ምድሩ ተናጋ።

ነጮ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ከኋላህ ሲጮህ ሩጥ። መብረቁ ጅራፍ መሰለው። ማን ጠራኝ፣ ወዴት ነው የምሄደው አላለም፤ ዘለለ። የዘለለው ደግሞ ወደ ገደሉ ነው። የረጠበው አፋፍ ተናደና የኋላ እግሮቹ ገደል ገቡ። ቀንበሩ ተጣመመ፣ የዳለቻ አንገት ወደ መሬት ተጎተተ።

በአንድ ቀንበር ካሉ በሬዎች አንዱ ገደል ከገባ ሌላው እንደማይቀር በዚያ አገር ሕፃኑም ያውቃል። የእኛ ሰው የሚያየው ሁለት በሬ ሲንሸራተት ብቻ አይደለም። መሬቱ ነው ከእጁ የሚያመልጠው። ሚስቱ ቤት ሆና የሰማችው «አዝመራዬ» የሚለው ቃል ነው ገደል የሚገባው።

ጎረቤቱ የሚያውቀውን አደረገ፤ ጅራፉን አነሳ። ነጮን አንዴ ሸነቆጠው፣ ደገመው፣ ሠለሰው። ነጮ በተመታ ቁጥር ይፈራገጣል፤ በተፈራገጠ ቁጥር አፈሩ ይናዳል። ያኔ የእኛ ሰው እርፉን ለቀቀና ሮጠ። ጅራፉን ከጎረቤቱ እጅ ነጥቆ ወደ ገደሉ ወረወረው። ጎረቤቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ገበሬ ሆኖ ጅራፍ የሚጥል ሰው አይቶ አያውቅማ።

ከዚያ ከሁለቱ በሬዎች ፊት ለፊት ሄዶ ቆመ። እጁ ባዶ ነው። «ዳለቻ» አለ። «ዳለቻ፣ አይዞህ፣ እዚህ ነኝ። ቀስ በል።»

ዳለቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈርቷል፤ የማይፈራ ፍጥረት የለም፣ ባልቴቷም ፍርሃትን ነቅላ አላወጣችለትም። ግን ጆሮውን ወደ ድምፁ አዞረ። የሚያውቀው ድምፅ ነው፤ ጨው ያላሰው ሰው ድምፅ። ጭቃም ያውቃል፣ እግር ሲሰምጥ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ሁለቱን የፊት እግሮቹን ጭቃው ውስጥ ተከለና ቆመ። በቃ፣ ቆመልህ። ጓደኛው ሲጎትተው፣ ሰማዩ ሲያጓራ፣ ቀንበሩ አንገቱን ሲልጠው ቆመ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ስናገር እስከ ዛሬ ሰውነቴን ይነዝረኛል። ዳለቻ ሲቆም ነጮም መፈራገጡን አቆመ። ማንም አልነገረውም። ከጎኑ ያለው ያልሮጠለት በሬ መሮጡን ይተዋል፤ በሬም ሰውም እንዲህ ነው። አፈሩ መናዱን ተወ። ሰውየው እየጠራ ወደኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ዳለቻ አንድ እግሩን ነቀለ። ደግሞ ጠራው፤ ሌላውን ነቀለ። ነጮ በዚያ በቀንበሩ በኩል የሚደገፍበት ጽኑ ነገር አገኘ፤ በጉልበቱ ዳኸ፣ አንዱን የኋላ እግሩን አወጣ፣ ቀጥሎም ሌላውን። ሁለቱም ደረቁ መሬት ላይ ወጥተው እየተንቀጠቀጡ ተጠጋግተው ቆሙ። ሰውየው በዳለቻ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ማንም ልብ ያለው የለም።

ጎረቤቱ ያን ቀን ነጮን በእጁ እየዳበሰ ወሰደው፤ መዳበሱን ስላልለመደው እጁ ግራ ገብቶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጥጃ ሲያድግለት ግን ገመድ ይዞ ወንዙን ተሻገረ፤ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀው የለም።

የእኛ ሰው በማግስቱ ወደ ባልቴቷ ሄዶ ነገሩን ሁሉ ነገራት። እሷም ስለ ትልሙም ስለ ገደሉ ጥልቀትም አልጠየቀችውም። «መሬቱ ሲከዳው ወዴት አየ?» ብቻ አለችው። «ወደ እኔ» አላት። ተነስታ ግንባሩን ሳመችው፤ የሰውየውን ማለቴ ነው።

እንግዲህ ይርሳው፣ ወደ አንተ ልመለስ።

ማረስ ያልኩህ መደመርና መቀነሱ ነው። እንግሊዝኛው ነው። ኋላም ሕክምናው፣ ምሕንድስናው፣ ንግዱ። ይህን ሁሉ ልጅህ ትማረዋለች፤ ደግ ትምህርት ቤትም ክፉ ትምህርት ቤትም ያስተምሩታል። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ልጆች ዛሬ ይቀድሟታል፣ አልክድህም። ነጮም ቀድሞ ነበር። ባልቴቷ ደግሞ የልጅህ አስተማሪ መምህርት የሻረግ ናት። እርፍ ይዛ አታውቅም፤ ሐኪም አይደለችም፣ መሐንዲስም አይደለችም፣ ልጅህን ሐኪም ልታደርጋትም አትችልም። አንተም እንደዚያ ሰውዬ «እሷ ራሷ የማታውቀውን ምን ልታስተምር?» ትላለህ። የእሷ ሥራ ከእርፍ በፊት ያለው ነው። ጎመኑ ሲደርቅባቸው «ለምን ደረቀ? እስኪ እንየው» ትላቸዋለች። ሁለት ልጆች ሲጣሉ ቁጭ አድርጋ አንዱ ሌላውን እስኪሰማ ድረስ ከወንበር አታስነሳቸውም። አንተ በመስኮት አይተህ ጨዋታ መሰለህ። ረግረግ ላይ ናቸው እኮ፤ እግራቸውን መንቀል እየተማሩ ነው።

ምን አልከኝ? ልጄ በሬ አይደለችም? አይ ይርሳው፣ በሬማ ብትሆን ምን ቸገረን። በሬን የሚያስፈራው አንድ ገደል ነው፣ እሱም በዓይን ይታያል። ልጅህን የሚጠብቃት ገደል እኔም አንተም አናውቀውም። ፈተና ትወድቅ ይሆናል፣ ሰው ይከዳት ይሆናል፣ ሥራዋን ታጣ ይሆናል። ያኔ መምህርት የሻረግ አጠገቧ የለችም፤ አንተም ላትኖር ትችላለህ። ከጎኗ ያሉትም ሁሉ ሊሮጡ ይችላሉ። የእሷ መቆም ለእነሱም ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትናንት ቤት ስትገባ ምን አለችህ?

ሰሌዳ ላይ ወጥታ መቀነስ ተሳሳተች አልክ? እሺ፣ እንዴት ብላ ነገረችህ? እየሳቀች? «አባዬ፣ ዛሬ ተሳሳትኩ፤ ከዚያ አብረን ስናየው አገኘሁት» አለችህ? አንተስ? «መሳሳት ምን ያስቃል» ብለህ ተቆጣሃት። ለዚህ ነው ለካ ላዛውራት ያልከው።

ስማኝ ልጄ። ስንት አባት አለ መሰለህ፣ ልጁ ገደል አፋፍ ላይ መሆኗን ከሰው የሚሰማ? ያውም ከወደቀች በኋላ። ልጅቷ ለምን አልነገረችውም? በልጅነቷ ስትሳሳት ጅራፍ እንጂ ድምፅ አልሰማችማ። ስትሳሳት መሮጥ፣ መደበቅ፣ መዋሸት ነው የተማረችው፤ ያንኑ ይዛ አደገች። የአንተ ልጅ ግን ተሳስታ ሮጣ የመጣችው ወደ አንተ ነው። ይህን ያስለመደቻት መምህርት የሻረግ ናት። ድምፁ ግን የአንተ ነው መሆን ያለበት፤ መምህሯ አብራት አትኖርም።

ሰኞ ብታዛውራት መብትህ ነው፤ አባቷ አንተ ነህ፣ እኔ አልከለክልህም። ግን ዛሬ በዚህ በር ስትወጣ ስንት አገኘሽ ብለህ አትጠይቃት። «ዛሬስ ምን ተሳሳትሽ?» በላት፣ ፊትህን ሳታጠቁር። እየሳቀች ከነገረችህ፣ የጠየቅኸኝን እሷው መልሳልሃለች።